ለመጀመሪያ ንቅሳት ከመጽሐፍ ቃል ስለ መምረጥ

ከመካከላችን አንዱ፣ በሞት የተለየው ታላቅ ወንድሙ በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ ያሠመረበትን ዐረፍተ ነገር በክንዱ ላይ ሊነቀስ አስቦ ምክር ጠየቀን። ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር፤ ነገር ግን ሦስት ሳምንት አነጋግሮናል።

ንቅሳት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በሰሜኑ ክፍል ብዙ እናቶች በግንባራቸው መስቀል፣ በአንገታቸውም ዙሪያ መስመር ተነቅሰዋል። ይህ ግን ሥዕል ነው። መስቀል ከዓመታት በኋላ ቢወፍርም ያው መስቀል ነው፤ ፊደል ሲወፍር ግን ሌላ ፊደል ሊመስል ይችላል።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። መርፌው ቀለሙን የሚያኖረው ዘወትር ከሚረግፈው ከላይኛው ቆዳ ሥር ነው። በዚያም ባዕድ ነገርን የሚውጡ ሴሎች ይይዙታል። በ2018 እ.ኤ.አ. የማርሴይ ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ እንዳሳዩት፣ ሴሉ ሲሞት የለቀቀውን ቀለም ሌላ ሴል መልሶ ይውጠዋል፤ ንቅሳቱ የሚቆየው በዚህ ቅብብል ነው። ሆኖም ከጊዜ ብዛት ቀለሙ በጥቂቱ ይንሰራፋል፤ ጠባብ ክፍተትም ይደፈናል። «ልቤ» በሚለው ቃል ውስጥ ቤን ከቢ የምትለያት በእግሯ ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት፤ እርሷ ከተደፈነች «የእኔ» የሚለው ትርጉም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፊደሉ ተለቅ፣ ንባቡም አጠር ሊል ይገባዋል። (ፊደላችንን የማያውቅ ነቃሽ ቃሉን እንደ ሥዕል ስለሚገለብጥ፣ ንድፉን ከመርፌው በፊት ማንበብ የሚችል ሰው ይመልከተው።)

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቃሉን ከመጽሐፉ መነጠሉ ነው። አጻጻፋችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ «ይሰማል» ላልቶ ሲነበብ እርሱ ያዳምጣል፣ ጠብቆ ሲነበብ ግን ይደመጣል ማለት ነው። በገጹ ላይ ጎረቤት ቃላት ይፈቱታል፤ በክንድ ላይ ግን ጎረቤት የለም። ደግሞስ ተናጋሪው ማን ነው? በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ የሚናገሩት ሁሉ የደራሲው የሐዲስ ዓለማየሁ ምክር አይደለም።

የወዳጃችንም ነገር እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። ምዕራፉን አብረን ብናነበው፣ ስለ ታማኝነት ያን ያማረ ቃል የተናገረው በዚያው ሌሊት ባልንጀራውን አሳልፎ የሰጠው ሰው ነበር። ወንድሙ ያሠመረበት ይህን እያወቀ ይሁን ሳያውቅ ልንነግረው አልቻልንም።

አሁን ወንድሙ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የጻፋትን አንዲት ቃል፣ በዚያው በእጅ ጽሕፈቱ፣ ሊነቀስ ያስባል። በቃሏ ውስጥ ሁለት ቀለበቶች ስላሉ ስፋቱን ገና እየለካን ነው።