ባትሪ የሌለው ቤዝ ጊታር ድምፁን ከየት ያመጣል?

የ1960ዎቹን ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ የፊት ሽፋን ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትታችሁ ብታነሱት፣ ውስጡ ባትሪም ሆነ የተወሳሰበ ሰርኪዩት አታገኙም። የመዳብ ሽቦ ጥቅል፣ ሁለት ማዞሪያ፣ አንድ ካፓሲተርና የገመድ መሰኪያ፤ በቃ። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 በካሊፎርኒያ ለገበያ ያቀረበው መሣሪያ ዛሬም በቀላሉ የሚጠገነው ለዚህ ነው። ያረጀ ቤዝ የገዛ ሰው ግን መፍቻ ከማንሳቱ በፊት የትኛው ክፍል ድምፁን እንደሚሠራ፣ የትኛው አልቆ የሚተካ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት።

ክሩ፣ ማግኔቱና ሽቦው

ከክሮቹ ሥር የተቀመጠው ፒክአፕ ትንንሽ የማግኔት ዘንጎች አሉት። በዙሪያቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች ለሚቆጠር ዙር ተጠምጥሟል። የብረት ክር ከማግኔቱ በላይ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያውከዋል፤ የታወከው መስክ ደግሞ በሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ ኤሌክትሪኩም በዚያው ልክ ይመላለሳል። አምፕሊፋየሩ የሚያጎላው ይህንኑ ነው። የክራር ናይለን ክር ብትወጥሩበት ከአምፕሊፋየሩ ምንም አይወጣም፤ ናይለን የማግኔትን መስክ አያውክምና።

እ.ኤ.አ. በ1957 ፒክአፑ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ግማሽ ወፍራሞቹን ሁለት ክሮች፣ ሌላው ቀጫጭኖቹን ይቀበላል። ሽቦዎቹ የተያያዙት በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ፣ ከቤቱ የመብራት መስመር የሚመጣው «እምም» የሚል ድምፅ በሁለቱም ገብቶ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የእያንዳንዱ ክር ድምፅ ግን የሚመነጨው በአንደኛው ግማሽ ብቻ ስለሆነ ሳይነካ ያልፋል።

ማዞሪያዎቹ

አንደኛው ማዞሪያ የድምፁን መጠን ይቀንሳል። ሁለተኛው ከካፓሲተሩ ጋር ሆኖ ቀጭኑንና ሹሉን ድምፅ ወደ ግራውንድ ይለቅቀዋል፤ የሚቀረው ወፍራሙና የለዘበው ነው። ማዞሪያው ሲነካ የሚንጫጫ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ውስጡ የገባ አቧራ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ረጭታችሁ ደጋግማችሁ አዙሩት።

አውጥታችሁ እንዳትጥሉት፤ ማዞሪያው የጊታሩ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ጀርባው ላይ 304 6612 የሚል ቁጥር ብታዩ፣ 304 ስታክፖል የተባለው አምራች መለያ ነው፤ 66 ዓመቱን 1966ን፣ 12 ደግሞ የዓመቱን 12ኛ ሳምንት ያመለክታል። ማዞሪያው በፋብሪካ የተገጠመው ከሆነ፣ ጊታሩ ከዚያ ሳምንት በፊት ሊሠራ አይችልም። ስትገዙ ከሻጩ ቃል ይልቅ ይህን ቁጥርና ያልተነካ የብየዳ ነጥብ እመኑ።

ምን ይቀየር? ምን ይተው?

ሌላ ቃና የፈለገ ከክር ይጀምር። ሞታውን የተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰን በ1962ቱ ፕሪሲዥኑ ላይ የሚወጥረው ወፍራምና ገጹ ልሙጥ ክር ነበር፤ እስኪበጠስም አይቀይረውም ነበር። ያ ደረቱ የሞላ፣ ቶሎ የሚከስም ድምፅ ከጣቱ ቀጥሎ የክሩ ሥራ ነው። ክር ርካሽ ነው፤ ካልወደዳችሁትም የቀድሞውን መልሳችሁ ትወጥራላችሁ።

አንገቱ የጎበጠ ከሆነ አትደንግጡ። አራቱ ክሮች በድምሩ 70 ኪሎ ገደማ ይስቡታል፤ ይህን ጉልበት የሚቋቋመው በእንጨቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ ነው። ክሮቹን አላልታችሁ ሩብ ዙር ብቻ አጥብቁ፤ መልሳችሁ ወጥራችሁ እዩት። እምቢ ካለ አታስገድዱት፣ ለባለሙያ ስጡት።

የተላጠውን ቀለም ግን ተዉት። አዲስ ቀለም የቀባ ሰው የጊታሩን ታሪክ ይሸፍናል፣ ዋጋውንም በእጅጉ ያወርዳል። ከዚህ የባሰው እንጨቱን መፈልፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ብዙ ባለቤቶች ተጨማሪ ፒክአፕ ለመግጠም ፈልፍለዋል፤ የተፈለፈለ እንጨት ደግሞ ተመልሶ አይሞላም። አዲስ ፒክአፕ ካማራችሁ በነባሩ ቦታ ልክ የተሠራውን ግጠሙ። የወጣውን ከነብሎኑ በከረጢት አድርጋችሁ በሣጥኑ ውስጥ አስቀምጡ፤ ጊታሩ ሲሸጥም አብሮ ይሂድ። ቀጣዩ ባለቤት ወደነበረበት ሊመልሰው የማይችለውን ለውጥ አታድርጉ።