ጣሪያው ሳይወርድ

ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በምሥራቅ ወለጋ የሚገኘው የኪራሙ ወረዳ ስም በዜና ሲነሣ አብሮት የሚነሣው ሞትና መፈናቀል ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በጊዳ ኪራሙ ታጣቂዎች በፈጸሙት ጥቃትና በቀጣዮቹ ቀናት በተከተለው ብሔር ተኮር የበቀል ግድያ ከ200 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታውቆ ነበር። ኦሮሞውም አማራውም ከብቱንና አዝመራውን ጥሎ ሸሸ። ትምህርትም በብዙ ቀበሌዎች ቆመ።

ሰው ከሞተበት አገር ስለ አሮጌ የትምህርት ቤት ሕንፃ ማውራት ለአንዳንዱ ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አላየውም። የተሰደደ ወላጅ ወደ ቀዬው ልመለስ ወይስ ልቅር ብሎ ሲያመነታ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ ልጄ የት ይማራል የሚል ነው። ስለዚህ ሰው ያጣ ትምህርት ቤት ጣሪያና ግድግዳ ከመልሶ ማቋቋሙ ሥራ ተነጥሎ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

ወለጋ በትምህርት ታሪክ ትልቅ ስም ያለው አገር ነው። ኦሮሞው ሰባኪና ተርጓሚ አናሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ፣ ምፅዋ ላይ ነፃ ወጥቶ፣ ስዊድን ድረስ ሄዶ ተምሮ ወደ ወገኖቹ ለመመለስ ብዙ ዓመት ደክሟል። ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1894 አሳተመ፤ ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ። በ1904 ነቀምቴ ሲደርስ የአካባቢው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በትውልድ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሉት፤ እሱም ትምህርት ቤት ከፈተ። ቀደም ብሎ እዚያው ወለጋ፣ ቦጂ ላይ ወንጌላዊው ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ማስተማር ጀምሮ ነበር። አናሲሞስ በኦሮምኛ በመስበኩና በማስተማሩ ተከሶ አዲስ አበባ ድረስ ቀርቧል፤ ሥራውን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1931፣ አልተወም። ከጣሊያን ወረራ በፊት የመንግሥት ትምህርት ቤት ካገኙት ጥቂት የክፍለ ሀገር ከተሞችም ነቀምቴ አንዷ ነበረች።

የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ዛሬም ነቀምቴ ውስጥ አለ፤ ጎብኚ ይገባበታል። ገዥው የኖረበት ቤት ቅርስ ነው ቢባል የሚከራከር የለም። ልጆች ፊደል የቆጠሩበት ቤት ላይ ሲደረስ ግን እንዲህ ያለ ስምምነት አይገኝም። አንድ ክፍል ሲያረጅ ዕቃ ቤት ይሆናል፤ ቀጥሎ በሩ ይነቀላል፤ ከዚያ ቆርቆሮው ለሌላ ሥራ ይወሰዳል። በመጨረሻ «ለሕይወት አስጊ ነው» ተብሎ ይፈርሳል። ከደረጃ በታች ያሉ ትምህርት ቤቶች ብዛት ደግሞ ለዚህ ምክንያት ይሆናል። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ በአገሪቱ ካሉት ወደ 47 ሺህ ከሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ከ85 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደረጃቸውን እንደማያሟሉ ገልጾ «ትምህርት ለትውልድ» የተባለውን የሕዝብ ንቅናቄ ጀምሯል። ንቅናቄው የሚያስመሰግን ነው። የምሰጋው አዲሱን ሕንፃ ለማቆም የሚመረጠው ቦታ የአሮጌው ክፍል መሠረት እንዳይሆን ነው፤ በብዙ ግቢ ባዶ ቦታ ሞልቶ ሳለ።

አሮጌው ክፍል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሕዝቡ የራሱ እጅ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በስዊድን እርዳታ የሚሠራ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ ክፍል በገጠሩ ብዙ ሺህ ክፍሎችን ሲያቆም፣ ከፊሉን ወጪ የሚሸፍነው የአካባቢው ሰው ነበር። ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ገበሬው ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ ድንጋይ ፈልጦ፣ ጭቃ ረግጦ፣ ቆርቆሮውን በመዋጮ ገዝቶ ትምህርት ቤት ሠርቷል። የነዚያ መዋጮዎች መዝገብ ከተገኘ ለኪራሙ ዓይነት አገር ዋጋው ከሕንፃው አያንስም። ማን እንጨት እንዳመጣ፣ ማን ስንት ብር እንዳዋጣ በስም ተጽፎ ሲታይ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ምን እንደሠራ የሚመሰክር ሰነድ ይሆናል። ዛሬ ሽማግሌዎቹ በየመጠለያውና በየዘመዱ ቤት ተበትነዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መደረግ ያለበት የእነሱን ቃል መቅረጽ ነው፤ ለዚህም ስልክና ትዕግሥት ይበቃል።

ቀጥሎ ጣሪያው ነው። የጭቃና የእንጨት ቤት ከላይ ውሃ እስካልገባበት፣ ከታችም እግሩ እስካልረጠበ ድረስ ዕድሜው ረጅም ነው። አንዲት የተገነጠለች ቆርቆሮ ግን በአንድ የወለጋ ክረምት ግድግዳውን ታወርዳለች። ምስጡ አለ፤ በተለይ በምዕራብ ወለጋ ገበሬውን በየጥቂት ዓመቱ ቤት እንደ አዲስ የሚያሠራ ጠላት ነው። ደግ ያደረጉ መስሏቸው የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ የሚለስኑም አሉ። ሲሚንቶው እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ይይዘዋል፤ ውጪው ሲያምር ማገሩ ይበሰብሳል። በጭቃ የተሠራ በጭቃ ይመረግ፤ ኮርኒሱና ቀለሙ በኋላ ይደርሳል።

ሕጉ ለዚህ በር ዘግቶ አያውቅም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የመንከባከብ ግዴታ በባለይዞታው ላይ ይጥላል፤ ጥገና ያለ ፈቃድ እንዳይደረግ ያዝዛል፤ ወጪው ከባለይዞታው አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን ሊደግፍ እንደሚችልም ደንግጓል። ችግሩ ያለው ከጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት በሚደረገው መመላለስ ላይ ነው። ግቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ቅርሱ የባህልና ቱሪዝም፤ መሬቱ የሌላ። የወላጆች ኮሚቴ በሦስቱ መካከል ሲመላለስ ክረምት ይገባል። ቤቱ በቅርስነት ካልተመዘገበ ደግሞ ሊያፈርስ የመጣውን የሚያስቆም ወረቀት የለም።

የባሕር ማዶ አንድ ልምድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1932 ባሉት ዓመታት በነጋዴው ጁሊየስ ሮዘንዋልድና በቡከር ቲ. ዋሽንግተን አነሣሽነት ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ለጥቁር ልጆች ተሠርተዋል። ነጋዴው ሙሉውን አልከፈለም፤ ድሃው ገበሬ ገንዘብም ጉልበትም ጨመረበት። በ1954 ተማሪዎችን በዘር የሚለያይ ትምህርት በፍርድ ቤት ሲታገድ ቤቶቹ እየተተዉ ሄዱ። በ2002 የአገሪቱ የቅርስ ተንከባካቢ ድርጅት ለጥፋት ከተጋለጡ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው። ብዙዎቹን ያተረፏቸው እዚያው የተማሩ አዛውንት ናቸው። ከዳኑት መካከል ሙዚየም የሆነ አለ፤ የአካባቢው መሰብሰቢያና የአረጋውያን መዋያ የሆነም አለ። ሥራ ያልተገኘለት ቤት ግን ቢጠገንም ተመልሶ ሊፈርስ ይችላል።

ስለዚህ ለአሮጌው ክፍል መጀመሪያ ሥራ ይፈለግለት። ቤተ መጻሕፍት ይሁን፤ ልጆቹ እስኪመለሱ የእድር መሰብሰቢያ፣ የማታ ትምህርት ክፍል ወይም የዘር ማከማቻ ቢሆንም ምንም አይደል። በሩ በየቀኑ የሚከፈት ቤት ቆርቆሮው አይሰረቅም፤ ፍሳሹም በጊዜ ይታያል። ለአዲሱ ሕንፃ በሚወጣው በጀት ውስጥ ለአሮጌው ጣሪያ ጥቂት ቆርቆሮና ሚስማር ማካተት ለወረዳ ከባድ ወጪ አይደለም። በአዲስ አበባና በውጭ አገር የሚኖረው የወለጋ ተወላጅም ለአዲስ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ገንዘብ ሲያዋጣ፣ እሱ ራሱ የተማረበት ክፍል ምን ላይ እንዳለ ይጠይቅ፤ የሚልከውም ብር የትኛውን ጣሪያ እንደሚከድን በደብዳቤው ላይ ለይቶ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰላም ሲኖር ነው። መንገዱ ካልተከፈተ ቆርቆሮ የሚጭን መኪና ኪራሙ አይደርስም፤ ለሕይወቱ የሚሰጋ መምህርም የትም ቢመደብ አይሄድም። ዝርዝሩን መሥራት ግን መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። እያንዳንዱ ወረዳ ሰው ያጡትን ትምህርት ቤቶች በስም ይመዝግብ፤ የተሠሩበትን ዓመት፣ ያሠሩዋቸውን ሰዎች፣ የጣሪያቸውንና የግድግዳቸውን ሁኔታ በአንድ ገጽ ያስፍር። አንዱን ቅጂ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ፣ ሌላውን ለባህልና ቱሪዝም ይስጥ፤ ሦስተኛው በተፈናቃዮቹ ሽማግሌዎች እጅ ይቀመጥ።