የጤፍ መድኃኒት ለጎረቤት ባቄላ መርዝ ነው

በነሐሴ ወር ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን የሚጓዝ ሰው ግራና ቀኙን የጤፍ ቡቃያ ተዘርግቶ ያያል። ከቡቃያው ጋር አረሙም አብሮ ይነሣል። ብዙው ገበሬ ከነቤተ ሰቡ አጎንብሶ ወይም ጎረቤቱን በደቦ ጠርቶ በእጁ ያርማል፤ ዛሬ ግን መርጫውን በጀርባው አዝሎ መድኃኒት የሚረጨውም ጥቂት አይደለም።

ከሚረጩት መድኃኒቶች አንዱ ቱ ፎር ዲ ነው። የሚገድልበት መንገድ የሚያስገርም ነው። ዕፅዋት ሁሉ ዕድገታቸውን የሚመራ ኦክሲን የተባለ ሆርሞን በውስጣቸው አላቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝና የአሜሪካ ሊቃውንት ይህንኑ አስመስለው በቤተ ሙከራ ሠሩ። ተክል የራሱን ሆርሞን ሲበቃው ያፈርሰዋል፤ ሰው ሠራሹን ግን አረሙ በቀላሉ ሊያፈርሰው አይችልም። ስለዚህ ዕድገቱ ልክ ያጣል፤ ግንዱ ይጣመማል፣ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ በመጨረሻም በገዛ ዕድገቱ ይሞታል። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ የሣር ወገን ናቸውና መድኃኒቱን አፍርሰው ይተርፋሉ።

ነገር ግን መድኃኒቱ የሚለየው ሣርን ከሰፊ ቅጠል ነው እንጂ መልካሙን ከክፉው አይደለም። እንክርዳድና ሲናር ሣር በመሆናቸው ያልፋቸዋል፤ ባቄላንና ኑግን ግን አይምራቸውም። ነፋስ ባለበት ሰዓት የተረጨ እንደ ሆነ ጠብታው ድንበር ተሻግሮ የጎረቤትን ማሳ ያጠወልጋል። ኤስተር የተባለው ዓይነት ከተረጨ በኋላም ተንኖ ሊሄድ ይችላል፤ በዚህ ረገድ አሚን የተባለው ይሻላል። መርጫው በሚገባ ሳይታጠብ ለባቄላ ሌላ መድኃኒት ቢረጩበትም ጉዳቱ ያው ነው።

ጤፉም ቢሆን ገና ለጋ ሳለ ወይም ዛላ ሊያወጣ ሲል ከተረጨ ይጎዳል። ተገቢው ጊዜ ቡቃያው ሥር ይዞ ከግርጌው ተጨማሪ አገዳ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ነው። መጠኑም በግምት ሳይሆን በዕቃው ላይ እንደ ተጻፈው ይለካ። ማንበብ ለማይችል ሰው የቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ወይም ተማሪ ልጁ ያንብብለት።

ያች ከድንበር ማዶ ያለች ጥቂት ባቄላ ምናልባት የአንዲት ባልቴት የዓመት ሽሮ ትሆናለች። በእጅ የሚያርም ሰው የነቀለውን ያያል፤ የሚረጭ ሰው ግን ነፋሱ ወዴት እንደ ወሰደበት አያይም። ስለዚህ መርጫውን ከማዘል በፊት ወደ ድንበሩ ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ዘንድሮ እዚህ ምን ዘሩ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም፤ ከሽምግልና ዳኝነትም ያድናል።