የጡረተኞች የጤና መድህንና የጥርስ ተከላ ወጪ

አዳማ፦ በወንጂ፣ በባቱና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች በበርካታ ጉድጓዶች የሚገኘው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ወሰን በላይ በመሆኑ፣ በልጅነታቸው ውኃውን የጠጡ ነዋሪዎች ለጥርስ መበለዝ ተዳርገዋል። በእርጅና የሚደርሰው የጥርስ መውለቅ ሲታከልበት የሕክምና ወጪው ለጡረተኞች አሳሳቢ ይሆናል።

የጥርስ ተከላ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የታይታኒየም ብሎን ገብቶ ከተዋሃደ በኋላ ሰው ሠራሽ ጥርስ በማሰር የሚከናወን ሲሆን፣ ወራት የሚፈጅና ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ ነው።

በ2003 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሌሎች ሦስት ክልሎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ሰው ሠራሽ ጥርስን ከሽፋኑ ውጪ አድርጓል። የማኅበራዊ ጤና መድህን አዋጅ ቁጥር 690/2002 የመንግሥት ሠራተኞችንና ጡረተኞችን ያቀፈ ቢሆንም፣ አባልነት ብቻውን ለጥርስ ተከላ ዋስትና አይሆንም።

በመሆኑም በመሥሪያ ቤቱ በኩል የግል መድን ያለው ሠራተኛ ጡረታ ከመውጣቱ አስቀድሞ ሽፋኑ መቀጠሉን፣ የዕድሜ ጣሪያውን፣ እንዲሁም በውሉ «የጥርስ ሕክምና» የተባለው መንቀልንና መሙላትን ብቻ ወይስ ተከላንም እንደሚያካትት በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ተከላው ካልተካተተ፣ ወጪው አነስተኛ የሆነው ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ አማራጭ ነው።