ስለ ሰማይ ፋኖሶችና ስለ ስምጥ ሸለቆ ምድር

በታኅሣሥና በጥር 2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ደጋግማ በተንቀጠቀጠች ጊዜ፤ መናወጡ እስከ አዳማና እስከ አዲስ አበባ ተሰምቶ፤ በአፋርና በኦሮሚያ ወረዳዎች ብዙ ሕዝብ ቤቱን ትቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ። የቀለጠው አለት ከምድር በታች በስንጥቅ ገብቶ መሬቱን በግራና በቀኝ እንደ ገፋው በግልጥ ያሳዩት፤ ሴንቲኔል አንድ የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት ከ693 ኪሎሜትር ከፍታ በራዳር ያነሣቸው ሥዕሎች ናቸው።

ነገር ግን በአንድ ሴኮንድ ከ7 ኪሎሜትር በላይ የሚሮጥ ሳተላይት የመሬትን የጥቂት ሴንቲሜትር ፈቀቅታ ይመሰክር ዘንድ፤ አስቀድሞ ራሱ ያለበትን ስፍራ ማወቅ ይገባዋል። ይህንንም የሚያውቀው ከእርሱ በላይ በ20,200 ኪሎሜትር ከሚዞሩት፤ ጂፒኤስ ከሚባሉት ሳተላይቶች በሚቀበለው ምልክት ነው። እነርሱም እያንዳንዳቸው እጅግ የታመነ ሰዓት ተሸክመው ጊዜውን ያውጃሉ፤ ተቀባዩም የአራቱን ቃል አስተያይቶ ስፍራውንና ሰዓቱን ያሰላል። በባሕረ ሐሳብ ዘመንን ለሚቆጥሩ ሊቃውንት ነገሩ ፍጹም እንግዳ አይሆንባቸውም፤ መንገዱ ቢለይም ስሌቱ በሰማይ ከሚዞሩት የሚነሣ ነውና።

እነዚህ ሳተላይቶች ፊታቸውን ወደ ምድር አዙረው እንደ ተሰቀሉ ፋኖሶች ናቸው። እስከ 3 ሺህ ኪሎሜትር ከፍታ ድረስ ያለ ሁሉ፤ በአዳማ ሰገነት ላይ እንደ ቆመ ሰው ብርሃናቸውን ያለ ችግር ያገኛል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ወደ ሰማይ የተላከችው፤ 70 ኪሎ ያህል የምትመዝነው የመጀመሪያይቱ የኢትዮጵያ ሳተላይትም መንገዷ በዚሁ በታችኛው ወገን ነበረ። ከፋኖሶቹ በላይ የወጣ ግን ጀርባቸውን ያያል። በየጣራው ላይ ያለው ሳሕን የሚመለከታቸው የቴሌቪዥን ሳተላይቶች 36 ሺህ ኪሎሜትር ያህል ከፍ ብለው ስለሚኖሩ፤ በዚያ ከፍታ በአመዛኙ የሚገኘው ከምድር ማዶ ካሉት ፋኖሶች በምድር ጠርዝ አልፎ የሚፈስሰው ጭላንጭል ነው። በዚያ አራት ምልክት ባንድ ጊዜ ማግኘት አስቸጋሪ ስለ ሆነ፤ ተቀባዩ ደካማውን ምልክት ለይቶ የሚሰማ፤ ምልክት በጠፋበትም ሰዓት መንገዱን በስሌት የሚይዝ ሊሆን ይገባል። ይህም ጥበብ እየዳበረ ሄዶ፤ በ2011 ዓ.ም. ኤምኤምኤስ የሚባሉት አራቱ የአሜሪካ ሳተላይቶች 187 ሺህ ኪሎሜትር ያህል ርቀው ሳሉ ስፍራቸውን በዚሁ ምልክት ዐወቁ። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካና ኢጣልያ በኅብረት የላኩት መሣሪያ በጨረቃ ላይ አርፎ ምልክቱን ተቀበለ። ለማመን የሚያስቸግር ቢመስልም የተፈጸመ ነው።

ለአዳማ ግን ይህን ያህል ርቆ መሄድ አያስፈልግም። የሥነ ምድር ሊቃውንት የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ ብለው የሰየሙት መስመር ስሙን ያገኘው በከተማዪቱ አጠገብ ካለችው ከወንጂ ነው፤ በዚህ ሸለቆ ምሥራቁ ምድር ከምዕራቡ በየዓመቱ 5 ሚሊሜትር ያህል እንደሚርቅ የተለካውም መሬት ላይ በተተከሉ የጂፒኤስ መለኪያ ምልክቶች ነው። መንገድና ሐዲድ፤ ሕንጻም የሚያሠሩ ሹማምንት ይህን ቢያስቡ መልካም ነው፤ አንዱ ምልክት በሠራተኛ አካፋ 1 ሴንቲሜትር ቢገፋ፤ ምድሪቱ በሁለት ዓመት የምትሄደውን ያህል የሐሰት ጉዞ በመዝገቡ ላይ ይጻፋል።