ለገሰራ መንገድ የትኛዋ ዶቅዶቄ ትሻላለች?

የምረቃው ቀን እየቀረበ በመጣ ቁጥር በየመኝታ ክፍላችን ከምደባ ወሬ ቀጥሎ የሚሰማው የሞተር ብስክሌት ወሬ ነው። «ገሰራ ከደረሰኝ ሞተር እገዛለሁ»፣ «ዕቁብ እገባና በዓመቱ ዶቅዶቄ ላይ ጉብ ነው» የሚሉ ሠልጣኞች ጥቂት አይደሉም። አሳቡ ክፉ አይደለም። ከወረዳ ከተማ ርቆ የሚመደብ መምህር ለስብሰባ፣ ለመጽሐፍና ለጠመኔ፣ ሲታመምም ለሕክምና መመላለሱ አይቀርም። ነገር ግን የምሰማው ጭውውት ሁሉ ስለ ቀለሟ፣ ስለ ማርሚታዋ ድምፅና ስለ ፍጥነቷ ሆነብኝ። ስለዚህ ይህችን ጽሑፍ ለመለጠፍ ተነሣሁ።

የባሌ ሰው ፈረስ ያውቃል። ግልቢያ ለሚጀምር ልጅ ያልተገራ ድንጉላ ማንም አይሰጠውም፤ መጀመሪያ ረጋ ያለች፣ ዝቅ ያለች፣ መንገዱን የለመደች ትሰጠዋለች። ሞተር ሲሆን ግን ይኸው አዋቂ ሰው ልጁ ትልቅና ጉልበተኛ ሲገዛ «እደግ» ብሎ ይመርቀዋል። እንግዲህ ጥያቄው «የትኛዋ ታምራለች?» መሆን የለበትም። «በከፋው ቀን፣ በከፋው መንገድ ላይ፣ አጠገቤ ሰው ሳይኖር የትኛዋን እችላታለሁ?» ነው መባል ያለበት።

የከፋው መንገድ የቱ ነው? ከሮቤ ጎባ ያለውን አስፋልት እርሱት፤ በእሱ ላይ ማንኛዋም ትሄዳለች። ገሰራ በሲናና፣ በአጋርፋና በጎሎልቻ መካከል ያለ፣ በሰሜን በኩል እስከ ዋቤ ሸበሌ ሸለቆ የሚደርስ የስንዴና የገብስ አገር ነው። ስንዴው የሚወደው ያ ጥቁር መረሬ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ዝናቡም እንደ ሰሜኑ አገር ክረምትን ብቻ ጠብቆ አይመጣም። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ገና፣ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ቦና የሚባሉ ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉ። (ከሌላ አገር የመጣ ሠልጣኝ እንዳይሳሳት፤ ገና ስል የልደትን በዓል ማለቴ አይደለም። ቦናም በሌላው የኦሮምኛ ተናጋሪ አገር በጋ ማለት ሲሆን በባሌ ደጋ የመኸር ወቅት ነው።) ስለዚህ «በደረቁ ጊዜ ብቻ እነዳለሁ» የሚል ሰው ሞተሯን ዓመቱን ሙሉ በላስቲክ ሸፍኖ ሊያስቀምጣት ነው ማለት ነው።

እኔ ራሴ ጀማሪ መምህር ሳለሁ ከአንድ ሰው ላይ ረጅም፣ ጉልበተኛ፣ ያገለገለች ሞተር ገዛሁ። ቁመቴን የምታውቁ ትስቁ ይሆናል፤ ስቀመጥባት መሬት የሚነካው የጫማዬ ጫፍ ብቻ ነበር። አስፋልት ላይ ምንም አልነበረም። አንድ የነሐሴ ጠዋት ግን ጭቃው የኋላ ጎማዋን ወደ ጎን ወሰደው፣ እግሬን ልተክል ስል መሬቱን አጣሁት፣ ሞተሯም ከነክብደቷ ጉልበቴ ላይ ተኛች። ብቻዬን ላነሣት አልቻልኩም። አንድ እረኛ ከብቶቹን ትቶ መጥቶ እስኪያነሣልኝ ድረስ ዝናቡ ውስጥ ተጋድሜ ቆየሁ። ስድስት ሳምንት አልጋ ላይ ዋልኩ። የእኔስ ይሁን፤ በዚያ ስድስት ሳምንት ውስጥ የሦስተኛ ክፍል ልጆቼ መምህር አልነበራቸውም። ምትክ ከየት ይመጣል?

ከዚህ በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር የጀማሪ ሞተር መለኪያዋ ሲሲ ሳይሆን ቁመቷና ክብደቷ መሆኑን ነው። ስትቀመጡባት የሁለቱም እግሮቻችሁ ውስጠኛ መዳፍ ሙሉ በሙሉ መሬት ካልነካ እሷ የእናንተ አይደለችም። ሠፈር ውስጥ በብዛት የምናያቸው ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑት የህንድ ሞተሮች፣ ለምሳሌ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ፣ ዝቅ ያሉና መቶ ምናምን ኪሎ የሚመዝኑ ናቸው። የጭቃና የገጠር ተብለው የሚሠሩት፣ እንደ ያማሃ ዲቲ ያሉት፣ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ከፍታቸው ድንጋይና ቦይ ለመሻገር ይጠቅማል፣ አጭር ጀማሪን ግን ያንከራትታል።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ችግር አለ፤ አልሸሽገውም። ዝቅ ያለችው የከተማ ሞተር የፊት ፓራፋንጎዋ ከጎማው ጋር በጣም የተጠጋ ስለሆነ መረሬው በመካከሉ እየታጨቀ ጎማውን አላንቀሳቅስ ይለዋል። አሽከርካሪው ፍሬን የያዘ ይመስለዋል፤ የያዘው ግን ጭቃው ነው። ረጅሟ ሞተር ፓራፋንጎዋ ከጎማው ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ስለሆነ ይህ አይደርስባትም። ታዲያ ምን ይሻላል? የእኔ ፍርድ፣ ለጀማሪ ዝቅ ያለችውን መርጦ የፊት ፓራፋንጎዋን በብየዳ ቤት ከፍ ማስደረግ፣ የኋላ ጎማዋንም ጥርሱ ጎላ ባለ ጎማ መለወጥ ነው። ጭቃው ከዚህም ካለፈ ሞተሯን ከሰው ግቢ አኑሮ በእግር መሄድ ነው፤ በዚያ ቀን በቅሎም ቢሆን ትደክማለች። እግረ ረጅም የሆናችሁና በየቀኑ ቦይ የምትሻገሩ ግን ረጅሟን ብትይዙ አልቃወምም።

ስለ ኃይል ከተነሣ አንድ የሳይንስ ነገር ልጨምር። ሞተርም እንደ ሰው ትተነፍሳለች። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ጠረፍ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የምትሰጥ የካርቡራተር ሞተር እዚህ 9 ገደማ ብትሰጥ ነው። ከጎባ ተነሥቶ በሪራ ወደ ዶሎ መና የሚያልፈው የሰነቴ መንገድ ደግሞ ከ4000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ እዚያ የሚቀራት ከመነሻዋ ከአሥር ስድስት እጅ ያህል ነው። ቤንዚኑ ግን እንደ ድሮው ይፈስሳል፣ አየሩ ያንሰዋል፣ ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ ታፍናለች። «እንግዲያው ትልቅ ሞተር ያስፈልገናላ!» የሚል ሰው አይጠፋም። አያስፈልግም። የጎደላትን የሚክስ ማርሽ አለ፤ በሁለተኛ ማርሽ በቀስታ የማትወጣው ዳገት ካለ፣ በትልቋም ጀማሪ ሊወጣው የማይገባ ዳገት ነው። ካርቡራተሩን ለደጋ አየር የሚያስተካክል መካኒክ ፈልጉ፤ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው።

የትንሽ ሞተር ክብር በዓለም ዘንድ የታወቀ ነው። የጃፓኑ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣት ሱፐር ከብ ስትጀምር 50 ሲሲ ብቻ ነበረች፤ እስከ 2017 ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ሌላዋ መጠቀስ ያለባት ያማሃ ኤጂ 100 ናት። ስሟ ራሱ «ግብርና» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው። የፊትና የኋላ መጫኛ አላት፤ ሰንሰለቷም ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። ይህ መሸፈን ጭቃን ብቻ አይደለም የሚከለክለው። በእኛ አገር ጋቢ ወይም ነጠላ ለብሶ የሚፈናጠጥ ሰው ጫፉ ክፍት ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ ሊጎትተው ይችላል። እኅቶቻችን፣ ሰምታችኋል? ነጠላውን ጠቅልሎ ከወገብ ማሰር፣ ወይም ሰንሰለቷ የተሸፈነችውን መምረጥ። እንዲህ ያሉት የድሮ ሞተሮች ባለ ሁለት ምት ስለሆኑ ግን ከቤንዚኑ ሌላ የሞተር ዘይታቸውን ይፈልጋሉ፤ ዘይቱ ያለቀበት ሰው ፒስተኑን ነክሶበት መንገድ ላይ ይቀራል። ለዘንጊ ሰው ባለ አራት ምት ይሻለዋል።

መለዋወጫም አለ። የምትገዟት ሞተር ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ሰንሰለትና የውስጥ ጎማ ሮቤ ገበያ ውስጥ ይገኛሉ ወይ? ከመግዛታችሁ በፊት ገንዘብ ሳትይዙ ሱቁን ዙሩና ጠይቁ። ለአንዲት ትንሽ ዕቃ አዲስ አበባ ድረስ የምታስልክ ሞተር ለመምህር ደመወዝ ዕዳ ናት።

አብዛኞቻችን የምንገዛው ያገለገለችውን ነው። ሻጩ «ና፣ ተነሥታ እየጠበቀችህ ነው» ካለ ተጠርጠሩ። በሮቤ ብርድ ያረጀች ሞተር ጠዋት አልነሣም ትላለችና፣ ብልጥ ሻጭ አስቀድሞ አሙቆ ያቆያታል። በእጃችሁ ዳብሱ፤ ሞቃ ከሆነች ነገ ጠዋት እመለሳለሁ በሉ። ቀዝቅዛ ስትነሣ ባለ አራት ምቷ ሰማያዊ ጭስ ካወጣች ፋሻዋ አልቋል። ባለ ሁለት ምት ግን ዘይት ስለምታቃጥል ጥቂት ብታጨስ አይፈረድባትም። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ መሪውን ግራና ቀኝ አዙሩት፤ ከተቀረቀረ ወይም ከተንገጫገጨ ወድቃለች። ከኋላ ቆማችሁም ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን ተመልከቱ። በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ ካልሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት። በመጨረሻም ሣር ላይ በጎኗ አስተኟትና ማንም ሳያግዛችሁ አንሷት። ሻጩ ቢገረም ይገረም። እኔ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ያቺን ሞተር አልገዛትም ነበር።

ስለ ሄልሜት ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ዋጋውን ከሞተሯ ዋጋ ላይ አስቀድማችሁ ቀንሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ መሞትን በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አስታውቋል። አገጭ ሥር ሳይታሰር ከሆነ ግን ባርኔጣ ነው። መንጃ ፈቃድና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም ግዴታ ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው ይህ ኢንሹራንስ የሚክሰው የገጫችሁትን ሰው እንጂ የእናንተን እግር አይደለም።

ልምምዱን ገበያ በማይውልበት ቀን የገበያው ሜዳ ላይ ጀምሩ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሰው አታፈናጡ። ጓደኛ ቢቀየምም ይቀየም፤ ከኋላ የተጨመረ 60 ኪሎ የሞተሯን ሚዛንና የፍሬኗን ርቀት ሁሉ ይለውጠዋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንዲት ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ማለትም በግ አይቶ ፍሬን ለመያዝ እስኪያስብ ድረስ በጉ ዘንድ ደርሷል። በአጨዳ ወቅት ደግሞ ኮምባይነሩ ጠባቡን መንገድ ሙሉ ይዞ ሲመጣ ከአቧራው ጋር መሽቀዳደም የለም፤ ከመንገድ ወጥቶ፣ ሞተር አጥፍቶ ማሳለፍ ነው።

ያቺን ረጅም ሞተር በኋላ የገዛኝ አንድ እግረ ረጅም የግብርና ሠራተኛ ነበር። ጉድለቷን አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ተቀመጠባት፣ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ነኩ፣ ሳቀና ከፈለኝ። እኔም በገንዘቡ ዝቅ ያለች መቶ ሲሲ ገዛሁ። ጉልበቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የቦና ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል።