በእጅ ላይ ስለሚወጣ እባጭ

በኮሶዬ ደጋ ዕርፍ የሚጨብጠው፥ እንዝርት የሚያሾረው፥ ሊጥ የሚያቦካው እጅ ነውና፥ በላዩ እባጭ የወጣ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይጨነቃል። አንዳንዱ ነቀርሳ መስሎት ይሸሽገዋል፤ ሌላው ደግሞ ንቆ በምላጭ ይበጣዋል፥ ወይም በጋለ ብረት ያስተኩሰዋል። ሁለቱም ነገሩን ሳይለዩ መፍረድ ነው።

በእጅ ላይ ከሚወጡት እባጮች አብዛኞቹ ክፉዎች አይደሉም። ከሁሉ የሚበዛው ሐኪሞች ጋንግሊዮን የሚሉት ነው፤ ይኸውም ከመገጣጠሚያ ወይም ከጅማት ሽፋን በቀጭን ሥር የሚወጣ፥ ውስጡ ወፍራምና ጥርት ያለ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ነው። ብዙውን ጊዜ በአንጓ ጀርባ ይታያል፤ የባትሪ መብራት ሲያስጠጉበትም ብርሃን ያሳልፋል። ጠጣር እባጭ ግን አያሳልፍም። በጣት አጥንት ውስጥ የሚያድገው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ጣት በቀላል ምት ተሰብሮ ራጅ ሲነሣ ነው። ግሎመስ የሚባለው በጥፍር ሥር የሚወጣ ትንሽ እባጭ ብርድ ሲነካው እጅግ ያሠቃያልና፥ የውርጭ አገር ሰው ሕመሙን በብርዱ ብቻ እንዳያመካኝ ይገባል።

ሕክምናውም እንደ ዓይነቱ ነው። የማያም ጋንግሊዮን ሊተው ይችላል፤ ብዙው በራሱ ይጠፋልና። የሚያሠቃየውን ሐኪም በመርፌ ይመጠዋል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በቀዶ ሕክምና ከነሥሩ ሲወጣ መመለሱ ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይቀርም። በቀድሞ ዘመን በአውሮፓ እባጩን በመጽሐፍ ቅዱስ ጥራዝ እየመቱ ያፈርጡት ነበር፤ መጽሐፉ ግን ለዚህ አልተጻፈም፤ እባጩም ይመለሳል፥ እጅም ይጎዳል።

ምላጭማ ከዚህ የከፋ ነው። የደም ትርታ በሚዳሰስበት በአንጓ በኩል የወጣ እባጭ ከደም ሥሩ ጋር ተጠግቶ ይቀመጣል፤ የደም ሥሩ የተነካ እንደ ሆነ ደሙ በቀላሉ አይቆምም። ጅማት ከተቆረጠም ጣት አይታዘዝም።

ስለዚህ እባጭ የታየበት ሰው አስቀድሞ በጤና ጣቢያ ይመርመር። ፈጥኖ ያደገ፥ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ፥ የቆሰለ ወይም ጣትን የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ለኮሶዬ ሰው ጎንደር ሩቅ አይደለም፤ በ1947 ዓ.ም. በተመሠረተው የጤና ኮሌጅ ላይ ያደገው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በዚያ ይገኛል። በቀዶ የወጣውም እባጭ በመሣሪያ ተመርምሮ ዓይነቱ ሲታወቅ፥ የቤቱ ሰው ጭንቀቱን ትቶ ወደ ሥራው ይመለሳል።